ቢጫው ክር

አያቴ በቁርአናቸው ገጾች መሀል ክር ያኖሩ ነበር፤ ቀዩን ለታመመ በሚቀራው ገጽ፣ ነጩን ለሞተ በሚቀራው። ከቤታችን አንዱ አግብቶ ሲወጣ ከከሚሴ ገበያ አዲስ ቁርአን ይገዙለታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ተመሳሳይ ክር እየቆረጡ፣ በየገጹ ያስገቡለታል።

«መጽሐፉማ የትም አለ» ይሉ ነበር። «የኛ ቤት ሲቸገር የቱን እንደሚከፍት የሚነግርህ ግን ክሩ ነው።»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ባዮሎጂ ሳጠና፣ የጉበትም የቆዳም ህዋስ የያዙት መጽሐፍ አንድ እንደሆነ፣ የሚለያቸው የትኛው ገጽ ይነበብ የሚለው ምልክት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ህዋሱ ለሁለት ሲከፈልስ ክሩ አይወድቅም?»

«አብዛኛው አይወድቅም አባባ። ለአዲሱም ይቀዳለታል።»

«ማሻ አላህ! እነሱም ያውቁበታላ፣ ኢንተላ ኮ!» ደስ ሲላቸው ልጄ የሚሉኝ በኦሮምኛ ነበር።

የኔን ሳያዘጋጁ ወደ አኼራ ሄዱ። የጋብቻዬ ኒካ ሲቃረብ አዲስ ቁርአን ገዝቼ ከሳቸው ቁርአን ጎን ራሴ ዘረጋሁ። ቀዩን አስገባሁ፣ ነጩን አስገባሁ። መጨረሻ ላይ በሳቸው ቁርአን ውስጥ አንድ ቢጫ ክር አገኘሁ። እናቴን ብጠይቃት የምን እንደሆነ አታውቅም። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከልብስ ሰፊው ቢጫ ክር ለምኜ መጣሁ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ በኔም ቁርአን ልክ እዚያው ገጽ ላይ አኖርኩት።