ቤት ያልመታ ግጥም

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የባህል ዘፈን ቤት ነበረች። እሁድ ከሰዓት አንዲት ዘፋኝ፣ ማሲንቆ የሚመታ ባሏና አንድ ከበሮ መቺ ይጫወቱባታል። እኔና ጓደኛዬ ቋሚ ደንበኞች ነበርን። እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ እሱ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ነበረው። ጴንጤ ስለነበር መጠጥ አይነካም። ለስላሳውን ይዞ ከፊት ይቀመጥና ዘፋኟን «ተቀበይ!» ይላታል። እሷም የሰጣትን ግጥም ተቀብላ በዜማ ትመልስለታለች።

አፉን የፈታው በሲዳምኛ ስለሆነ የአማርኛ ግጥሙ ቤት አይመታለትም። አንድ ቀን፣

«ከሐይቁ ዳር ቆሜ ዓሣ አጠመድኩኝ፣
አንቺን ሳይሽ ጊዜ መረቤ ተቀደደ» አላት።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ሳትስቅ፣ «አንቺን ያየሁ ለታ መረቤን ቀደድኩኝ» ብላ አቃናችለት። ደስታው እስኪመሽ ከፊቱ ላይ አልጠፋም።

ባለፈው ክረምት ሆዱን ያመው ጀመር። ሆስፒታል ሲገባ ጉበቱ ተስፋ እንደሌለው ነገሩን። ልጠይቀው ስሄድ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ጠጋ እንድል በእጁ ጠራኝ።

«ስማ፣ ግጥም አለኝ። ‹ሐኪሙ መጣና ሆዴን ነካካልኝ።› ያምራል?»

«ያምራል። ሁለተኛውስ?»

«አልመጣልኝም። እሷ ትጨርሰው።»

ብዙም ሳይቆይ ቀበርነው።

ከቀብሩ በኋላ ብቻዬን ወደ ዘፈን ቤቱ ሄድኩ። ዘፋኟ ገና ከበር ስታየኝ፣ በማይክራፎኑ «ጓደኛህን የት ጣልከው?» አለችኝ። ሰዉ ሳቀ። ተጠግቼ በጆሮዋ ነገርኳት። ማይክራፎኑን አወረደች። ግማሿን ግጥም ስሰጣት ለራሷ ደጋገመቻት። ባሏም ማሲንቆውን ቀስ አድርጎ መምታት ጀመረ።

የቤቱ ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ መጣ። «ሰዉ እኮ ሊዝናና ነው የመጣው። ለቅሶ እዚህ አታምጡብኝ።»

«እኔም አልመጣልኝም፤ ይቅር በለኝ» አለችኝና የሠርግ ዘፈን ጀመረች። ሰዉ ለእስክስታ ተነሣ። እኔ ወጣሁ። እስከ ሐይቁ ድረስ በእግሬ ስሄድ በእሷ ተናድጄ ነበር፤ ምን እንድታደርግልኝ ፈልጌ እንደነበር ግን ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ስሄድ የጓደኛዬ ሚስት ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ወደ በረንዳው ወሰደችኝ።

«እሁድ እሁድ የት ነበር የምትሄዱት? እውነቱን ንገረኝ።»

ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«ይዘፍን ነበር?»

«አይዘፍንም፤ ግጥም ይሰጣል። ሰዉን ሁሉ ያስቀው ነበር።»

«እሱ?»

«አዎ፣ እሱ።»

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «እኔ ጋ እኮ ራቱን በልቶ ዝም ብሎ ይተኛል። ምን አስከፍቼው ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ስጸልይ ኖርኩ።»

ከውስጥ መዝሙር ጀመሩ። ዓይኗን ጠርጋ ገባች፤ እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ።