ኩሽኔታ የሚጨርሰው ሰውዬ

ሰላምታ የሚባል ነገር አያውቅም። አዲስ ከተማ ካለው የታቢታ የመለዋወጫ ሱቅ ሲደርስ፣ የብየዳ ፍንጣሪ የበሳሳውን ሹራቡን ለብሶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የተበላ ኩሽኔታ ባንኮኒው ላይ ይወረውራል። የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው። ስሙን ጠይቃው አታውቅም፤ ገና ከሩቅ ስታየው ደሟ ይፈላል።

ባለፈው የመጣ ጊዜ፣ «ወንድሜ ግሪስ ሳይቀባ አቃጠለብኝ፤ ከቤት አባረርኩት» ብሏት ነበር። ዛሬ የሚያሳብብበት ወንድም የለም።

«ፎርጅድ ነው የሸጥሽልኝ፣ አንቺ ሌባ!»

ታቢታ የተፈለቀቀውን ኩሽኔታ በጨርቅ ጠርጋ የውስጡን ቀለበት ወደ ብርሃን አዞረችው። እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ተሸንትሯል።

«ይኸውልዎ፣ ኤሌክትሪክ ነው የበላው። እህል የሚሰብሩትን የወፍጮውን መዶሻዎች ሳይፈቱ ሲበይዱ፣ ኤሌክትሪኩን የሚመልሰውን የኧርዝ ገመድ የት ነው የሚያስሩት?»

«ወፍጮው እግር ላይ ነዋ! የት ላስረው ኖሯል?»

«እንግዲያው ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በኩሽኔታው ውስጥ ነው። ግሪስ ውስጥ ቢነከርም አይተርፍም። ለመሆኑ ባለፈውም ጊዜ የበየደው ማን ነበር?»

ሰውዬው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገ። ሽንትሮቹን በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ዳሰሳቸው፤ የተበሳሳ እጅጌውንም ወደ ክንዱ ሰበሰበው። ለአፍታ አንጀቷን በላው።

«ሌላ ስጪኝ» አላት፣ ዓይኑን ከቀለበቱ ሳያነሳ። «ወንድሜ እዚህ ብቅ ካለ ደግሞ፣ ያቃጠለው ግሪስ ማጣት ነው በይው።»