ዘይቱ ከየት ነው የሚፈሰው?

ባለቤቴ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው እኔን አልነበረም፤ ካርቶኑን ነበር። ማታ ታክሲ የሚሠራባትን ሚኒባስ ግቢ ሲያቆም ከሥሯ ካርቶን ያነጥፍላታል። ሲነጋ በደረቱ ተኝቶ ጎትቶ ያወጣውና ጥቁሩን ነጠብጣብ ትክ ብሎ ያየዋል።

"ዛሬም ፈሷል" ይላል።

"ይፍሰስ!" እለዋለሁ በር ላይ ቆሜ። "ዘይት ነው፣ ይፍሰስ! ደም መሰለህ?"

ካርቶኑን አጥሩ ሥር ከሌሎቹ ካርቶኖች ጋር ይደረድረዋል። ለምን እንደሚያስቀምጠው እግዜር ይወቅ።

ልጃችን ከሞተች ገና ወር አልሞላም ነበር። ሴት ናት። ክርስትና ልናስነሳት ሰማንያ ቀኗን እየጠበቅን ነበር፤ ስሟ ላይ እንኳ ገና አልተስማማንም። እሱ አንድ ይላል፣ እኔ ሌላ እላለሁ፣ እስከዚያው "ሚጢጢ" እያልን እንጠራታለን። አንድ ጠዋት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለብኝ። እሱ ሚኒባሷን አስነሳ፣ እኔ ታቅፌያት ጋቢና ገባሁ፣ ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ በረርን። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተቆላልፎ ጠበቀን። እሱ ክላክስ ሲያስጮህ እሷ ጭኔ ላይ ዝም አለች።

"ተኛች?" አለኝ።

"ተኛች" አልኩት።

ለጨቅላ ድንኳን አይጣልም። የሰፈር ሴቶች መጡና "እግዜር ይተካችሁ፣ ገና ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ" አሉን። "ለሕፃን አይለቀስም፣ መልአክ ናት" ያለችኝ ሴት ባለፈው ክረምት ዶሮዋን ውሻ ቢበላባት ሰፈሩን በእሪታ ያቀለጠች ናት። ምን እላታለሁ? ሆድ ይፍጀው።

አማቴ ደግሞ ዓይኔ ላይ እንዳይሆን ብለው፣ በመልካም ልባቸው፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ በተኛሁበት የልጅቷን ዕቃ ሁሉ ሰብስበው ወሰዱ። ልብሷን፣ ፎጣዋን፣ የምታጠብበትን ሳፋ፣ ሁሉንም። ስነሳ ቤቱ ልጅ ኖሮበት የማያውቅ ቤት ሆኗል። ትራሷን አገኘሁና ፊቴን ቀበርኩበት። የልብስ ሳሙና ሸተተኝ። እሱንም አጥበውታል!

"አንዲት ካልሲ እንኳ አታስቀርልኝም ነበር? ሽታዋን እንኳ?" ብዬ ባለቤቴ ላይ ጮህኩበት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ የሚናገር መሰለኝ። ከዚያ ወጥቶ መኪናው ሥር ገባ።

የወሊድ ፈቃዴ አላለቀም ነበር። ልጅ የለም፣ ፈቃዱ አለ፤ ጉድ እኮ ነው! ፋብሪካ አልገባ፣ ቤት አልቀመጥ። ወተቴም አልደረቀም። ጡቴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬ፣ ከላይ ሹራብ ደርቤ፣ እሱ ጋራዥ በሄደ ቁጥር ተከትዬው ጋቢና እገባለሁ። ሰው ይገርመው ይሆናል። መጨረሻ የታቀፍኳት እዚያ ወንበር ላይ ነዋ፤ ሌላ የት ልሂድ?

መጀመሪያ እዚያው ሰበታ አሠራናት። መካኒኩ "ከላይ ያለው ክዳን ጋስኬቱ አርጅቷል" ብሎ ማሸጊያውን ቀየረው። በማግስቱ ካርቶኑ ጠቁሮ አደረ። ቡራዩ ሄድን። እዚያ ያገኘነው መኪና ሥር ሲገባ እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ወጠምሻ ነው። "እህቴ፣ ይሄ ከሞተሩ ኋላ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ነው። ካልሆነ ስሜን ቀይሪው!" አለኝ። ካምቢዮውን አወረደ፣ ጎማውን ለወጠ፣ ካምቢዮውን መለሰ። እኛ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ዋልን። ሲነጋ ካርቶኑ ያው ነው። ለልጄ ያላወጣሁትን ስም ለእሱ ላወጣለት ምንም አልቀረኝ።

ሰው ሱሉልታ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠቆመን። ወደዚያ ስንሄድ እንጦጦን ሽቅብ እየወጣን ትዕግሥቴ አለቀ።

"ለዘይት እንዲህ የምትንከራተት ሰውዬ፣ ለልጅህ አንዲት ዘለላ እንባ የለህም? ወንድ በሆዱ ያለቅሳል ይላሉ። አንተ ሆድህስ አለ?"

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ጨበጠ። ከዚያ "ያን ቀን እየጎተተች ነበር" አለኝ።

"ምን?"

"መኪናዋ። ጉልበት አልነበራትም። ዘይቱ ባይፈስ እንደርስ ነበር።"

"መንገዱ ተቆላልፎ ነው እኮ! አውሮፕላንም ብትሆን አታልፍም ነበር!"

አልሰማኝም። ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ ባለው የዘይት መብራት ላይ ነበር።

ሱሉልታ ስንደርስ አርብ ቀትር ነው። ሽማግሌው "ነጋዳ?" ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ ባለቤቴም በኦሮምኛ መለሰላቸው። የሚኒባስ ሞተር ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ስለሆነ እኔ ወረድኩና ወንበሩን አነሱት። ሞተሩን በናፍጣ አጠቡት፣ በአየር አደረቁት።

"እስካሁን የነካኩት ሁሉ ዘይቱ የደረሰበትን እያዩ ነው" አሉን። "የተነሳበትን ለማየት ሞተሩ ነጭ መሆን አለበት። ፓውደር አላችሁ? የሕፃን ፓውደር?"

ውሃ አላችሁ እንደሚል ሰው ነው የጠየቁት። ምን ያውቃሉ እሳቸው! እኔ መሬት መሬት አየሁ። ባለቤቴ ግን ደነገጠ። "የለንም! የለንም አባባ፣ እኔ ገዝቼ እመጣለሁ፣ ይጠብቁኝ" ብሎ እየሮጠ ወጣ። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ዝግ ነበር፤ ባለሱቁ ጁምዓ ሄዷል። ቁልቁል ወደ ሌላኛው ሱቅ ሲሮጥ ከኋላው አየሁት። ለፓውደር ይህን ያህል ሩጫ ምንድነው አልኩ በልቤ።

ሽማግሌው እጃቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅ ፈለጉ። ጋቢና ገብተው የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈቱና ወረቀቱን፣ መነጽሩን፣ ምኑን ምኑን አገላበጡ።

"ይኸው! አላችሁ አይደል እንዴ!" አሉ እየሳቁ።

ነጭ ጠርሙስ ነው። ክዳኑ ተሰንጥቆ በቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። እኔ ነኝ የለጠፍኩት፤ ከእጄ አምልጦ ወድቆ የተሰነጠቀ ቀን። ያን ቀን ጠዋት ከዳይፐሯ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ነበር። ቦርሳውን አማቴ ወስደዋል። ይሄን ከውስጡ ማን አወጣው? እሱ ነዋ! እሱ አውጥቶ ደብቆታል።

"ይተዉት" ልል አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ግን ክዳኑን ገልብጠው መነስነስ ጀምረው ነበር፤ ሽታውም መጣ። ልጄ መጣች። ታጥባ፣ ደርቃ፣ አንገቷ ሥር ፓውደር ተነስንሶላት፣ እንደዚያው ሆና መጣች። እጃቸውን መያዝ ሲገባኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሽታዋን ሳብኩ። ሰውዬው ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው አራግፈው፣ ኋላውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጣሉት። ደረቴ ላይ ሻሹ ሲረጥብ ተሰማኝ።

ሞተሩን አስነሱት። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ ወደታች ወረደች።

"ያቺ ናት! የዘይቱን መብራት የምታበራው ዕቃ! ከሥሯ ነው የሚፈሰው! አውራ ጣት አታህልም፣ ስንቱን አንከራተተች!"

ባለቤቴ የመጣው ያኔ ነው፣ እያለከለከ፣ አዲስ ፓውደር በእጁ ይዞ። መጀመሪያ ነጩን ሞተር አየ። ከዚያ መሬት ላይ ያለውን ባዶ ጠርሙስ አየ። ከዚያ እኔን።

"ልሰጥሽ ነበር" አለኝ። "ማታ ማታ... ትንሽ ሳሸተው... እየቀነሰ እንዳይሄድ ብዬ..."

አልጨረሰውም። እዚያው ናፍጣው የፈሰሰበት መሬት ላይ ተቀመጠና እሪ ብሎ አለቀሰ። እኔም አብሬው ቁጭ አልኩ። ያን ያህል ሲያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ወንድም ሴትም።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። "ምነው ልጆቼ? ተገኘ እኮ! ቀላል ነገር ነው፣ አሁን እቀይርላችኋለሁ!" አሉ። ባለቤቴ በኦሮምኛ ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ። ሽማግሌው እጃቸውን አዩት፣ ነጭ ነው። ሱሪያቸው ላይ ሊጠርጉት ብለው ተዉት። "ጀባዳ" አሉን፤ በርቱ ማለታቸው ነው። ደግመውም "ጀባዳ" አሉ፣ ሌላ የሚሉት አጡ።

ዕቃዋን ቀየሯት፤ ምንም ጊዜ አልፈጀም። ከዚያ እንደ ሙያቸው የውሃውን ጎማ አነሱ።

"አይታጠብ!" ብዬ ጮህኩ።

"ልጄ፣ ዱቄቱ..."

"አባባ በልጅዎ፣ አይጠቡት! እንዲሁ ይሂድ!"

ጎማውን አስቀመጡና ወንበሩን ቀስ ብለው መለሱት።

ወደ ሰበታ ስንመለስ ሰው አልጫንንም። ሞተሩ ሲግል ሽታው ከሥሬ ወደ ላይ እየወጣ ጋቢናውን ሞላው። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እሱ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

"መስኮቱን እንዳትከፍተው" አልኩት።

"አልከፍትም" አለኝ።

ዓለም ገና ላይ መንገዱ እንደዚያን ቀን ተቆላልፎ ነበር። ክላክስ አልነካም። በተቆላለፈው መንገድ መሀል እጁን አምጥቶ ጭኔ ላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠው።

"ያን ቀን ተኝታ አልነበረም አይደል?" አለኝ።

"አልነበረም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ያውቅ ኖሯል።

ሰበታ ስንገባ ሽታው መሳሳት ጀምሮ ነበር፤ ከፓውደሩ ይልቅ የጋለው ብረት ይሸታል። ግቢ አስገብቶ አቆማት። የዚያን ዕለት ካርቶን አላነጠፈም። ሞተሩን አጠፋና መስኮቶቹን እንደዘጋን ተቀመጥን። አማቴ በር ላይ ወጥተው "ምነው አትወርዱም?" አሉ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አልወረድንም።