አክበረትና የእሑድ ጠዋቱ ስብሰባ

ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ አክበረትን የማያውቅ አልነበረም። ቀሚስ ያሰፋ መልኳን ያውቃል፤ ያላሰፋ ድምጿን። ከትግራይ፣ ከእንትጮ በልጅነቷ መጥታ፣ አንድ አርመን ልብስ ሰፊ ዘንድ ስፌት ተምራ፣ ባሏ ሲሞትባት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ለራሷ መሥራት የጀመረች ሴት ናት። አማርኛዋ የለየለት የአራዳ ነው፤ ትግርኛዋ ብቅ የሚለው ስትናደድና ልጇን ስታቆላምጥ ብቻ ነበር። ያሰበችውን ፊት ለፊት ትናገራለች። ይህ ጠባይዋ በደህናው ጊዜ ያስወድዳት ነበር፤ ደርግ ከመጣ በኋላ ግን ወዳጆቿ «ኧረ አፍሽን ያዝ አድርጊ» ይሏት ጀመር።

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ሳይታወቅ እየተለወጠ ነበር። «እንደምን አደርክ» ሲባል «እግዜር ይመስገን» ይል የነበረው ጎረቤት፣ ዙሪያውን አየት አድርጎ «ደህና» ብሎ ያልፋል። ወጣቶቹ ማተባቸውን ከአንገታቸው ፈትተዋል። የአክበረት አንድያ ልጅ ዘውዲ፣ ባንክ ቤት ታይፒስት ነበረች። አለቃዋ ማተቧን እንድትፈታ ቢነግራት ክሩን አስረዝማ ከሸሚዟ ሥር ደበቀችው እንጂ አልፈታችም። እናቷ በዚህ ትኮራባት ነበር።

ከዚያ ቀበሌው ሳምንታዊውን የውይይት ስብሰባ ወደ እሑድ ጠዋት አዛወረው። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስም የተያዘበት ሰው ደግሞ የመሸኛ ወረቀት ሊያስጽፍ ሲሄድ ፊት ይነሳል። እናትና ልጅ ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን አጣፍተው ጊዮርጊስ ይሄዱና፣ ዲያቆኑ ሕዝቡን ሳያሰናብት፣ ከቅዳሴው መሃል እየወጡ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ይሮጣሉ። ብዙው ሰው ግን ከመሮጥ መቅረት ይሻላል አለ። የደብሩ ግቢ በየሳምንቱ እየሳሳ ሄደ።

አንድ እሑድ የዕለቱ ተናጋሪ ጓድ እምሩ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት አሜሪካ ሄዶ ብዙ ዓመት የኖረ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ የተመለሰ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ረጋ ያለ ካድሬ ነው።

«የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው» አለ። «አሜሪካኖች ገንዘባቸው ላይ እንኳ የእግዚአብሔርን ስም የጻፉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጸሎት ማስደገም ቀርቷል። እኔ በነበርኩበት ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሰው አጥቶ ተሸጠና የቤት ዕቃ መደብር ሆነ። ካህኑ ይቆምበት በነበረው ቦታ አልጋና ፍራሽ ተደርድሮበት አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄዱ ማንም አልከለከላቸውም፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ሃይማኖት ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይሞታል።»

አክበረት እጇን አወጣች። ዘውዲ ነጠላዋን ሳብ አደረገቻት፤ አልሰማቻትም።

«ጓድ እምሩ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።»

«ይጠይቁ።»

«እዚያ ማንም ሳይከለክላቸው በገዛ ፈቃዳቸው ተዉት ነው ያሉን?»

«አዎ።»

«እንግዲህ በራሱ የሚሞት ከሆነ፣ እኛን በእሑድ ጠዋት እዚህ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ? ከምሳ በኋላ ብንሰበሰብስ አይሞትም?»

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ሳቁን በሳል ሸፈነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ከተማ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ስብሰባውም በመፈክር ተዘጋ።

በማግሥቱ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ሱቋ ድረስ መጥቶ ቀበሌ እንደምትፈለግ ነገራት። ያኔ ተጠርቶ ያልተመለሰ ሰው በየሰፈሩ ነበር። አክበረት ግን የጀመረችውን እጅጌ ጨርሳ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ሱቋን ቆልፋ ሄደች።

«ስብሰባ አደናቅፈሻል» አላት ከተማ። «ማን ላከሽ? ቄሶቹ ናቸው?»

«ጠይቁ ብላችሁ ጠየቅሁ። ማንም አልላከኝም። ለራሴ ጥያቄ ደግሞ የሰው አፍ አልዋስም።»

ከተማ ሊነሳ ሲል፣ መስኮቱ ጥግ የተቀመጠው እምሩ ተናገረ። «ጥያቄው የቀረበው ለእኔ ነው። ያልመለስኩትም እኔ ነኝ። ይሂዱ።» ሊቀመንበሩ በቁጣ አየው፤ ግን እምሩ ከበላይ የተላከ ሰው ነበርና አልተቃወመውም። አክበረት ደጅ እስክትወጣ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ከዚያ አጥር ተደግፋ ትንሽ ቆመች።

ጥቂት ቀን ቆይቶ እምሩ ገበሩ የተተረተረ ኮት ይዞ ሱቋ ገባ።

«ጥያቄዎ አላስተኛ አለኝ» አላት። «አሜሪካ ሳለሁ የተከራየሁት ከአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በመኪና አደርሳታለሁ። ልጆቿ እዚያው ከተማ ናቸው፤ አንዳቸውም አይሄዱም። ከማንም ተጣልተው አይደለም። መጀመሪያ ለገና ብቻ መጡ፤ ከዚያ ለገናም ቀሩ። እሷ ግን ወንበሩ ባዶ ሆኖም ትሄዳለች። እኔ እስቅባት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አምናለሁ አልልዎትም።»

«እኔም አልጠየቅኩህ፣ ልጄ። ኮቱን ልበሰውና ክንድህን ዘርጋ፤ ትከሻው ላይም ሰፍቶሃል።»

እምሩ በዚያ ሰሞን ለበላዮቹ ምን እንዳላቸው አይታወቅም። ብቻ ወሩ ሳያልቅ ስብሰባው ወደ ከሰዓት በኋላ ተዛወረ። ሰፈሩ ሁሉ «አክበረት ናት ያዛወረችው» አለ። እሷም አላስተባበለችም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስታ ነበር። የመጀመሪያው ነጻ እሑድ ሲመጣ ግን ዘውዲ ከአልጋዋ አልተነሳችም። አክበረት ደክሟት ነው ብላ ተወቻት። በሚቀጥለውም ተኛች። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ከጓደኞቿ ጋር ፒያሳ ማኪያቶ ልትጠጣ ወጣች። ስትመለስ እናቷ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሻል? የከለከለሽ አለ?»

«ማንም የለም፣ አደይ።» ዘውዲ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እውነቱን ልንገርሽ? ሲከለክሉን እልህ ይዞኝ ነበር የምሄደው። እነሱን ለማናደድ። አሁን የሚያናድደኝ ሲጠፋ፣ የሚወስደኝ ነገር ብፈልግ አጣሁ። ቆሜ የምጸልይ እየመሰልኩ አንቺን ማታለል ጠላሁ።»

አክበረት ካድሬዎቹ ፊት ያልተሰማት ሐዘን ያን ቀን ተሰማት። ጎረቤቷ አስካለ «የነፍስ አባትሽን ጠርተሽ አስገዝቻት፤ ጎትተሽም ቢሆን ውሰጃት» ብላ መከረቻት። ሐሳቡ ለአክበረትም መጥቶላት ነበር፤ ጉልበቱም ድምጹም አላት። ግን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተችና «አይሆንም» አለች። «እኔን በግድ አትከልክሉኝ ብዬ ሰው ፊት ቆሜ፣ ልጄን በግድ ሂጂ ልበላት? ይህንን አላደርግም።»

ዘውዲም ጠየቀቻት፤ «ተቆጥተሽኛል?»

«አዝኛለሁ። መቆጣት ሌላ ነው። እኔ እሄዳለሁ፤ በሩ የት እንዳለ ታውቂያለሽ።»

ከዚያ ወዲያ በነገሩ ተጨቃጭቀው አያውቁም። ዘውዲ አንዳንዴ ለጥምቀት ትወጣለች፤ አንዳንዴ ትቀራለች። ባንክ ቤት አብሯት ከሚሠራው ገብረሕይወት ጋር የተጋባችው ያለ ተክሊል፣ በማዘጋጃ ቤት ፊርማ ነበር። የሙሽራዋን ቀሚስ የሰፋችው አክበረት ናት፤ ደረቱ ላይ ያለውን ጥልፍ ለማንም ሳታስነካ በእጇ ጠለፈችው።

የሠርጉ ቀን ከማዘጋጃ ቤት ሲወጡ አስካለ ጠጋ ብላ «ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ ስትዳር ቅር አላለሽም?» አለቻት።

«ብሎኛል እንጂ» አለች አክበረት። «ለእሷም ነግሬያታለሁ። ግን ልጄ ዋሽታኝ አታውቅም፤ ባሏም ደህና ሰው ነው። አሁን ነይ ነጠላሽን አስተካክዪ፣ ፎቶ ሊያነሱን ነው።»

ከሰዓት በኋላ ዶሮ ማነቂያ ጠባቡ ግቢ ውስጥ ከበሮ ተመታ። እንግዳው አፍሮ ጥግ ጥጉን ሲይዝ አክበረት መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መሃል ገባችና፣ ትከሻዋን እየነቀነቀች እንደ አገሯ ጭፈራ ዞረች። ዘውዲም ረጅሙን ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ ከኋላዋ ተከተለች።