ጋሽ መስታወት በገዛ እጁ የጫራት መኪና

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ መስታወት በሚል ስም ነው። ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስሙን ያወጣችለት ጥቁር መኪናው ናት። የግቢው ሴቶች ከሱቅ ሲመለሱ በበሯ ላይ ፀጉራቸውን አይተው ያልፋሉ፤ እኔም ብሆን ሊፕስቲኬን ያስተካከልኩባት ቀን አለ። እሱ ይህን ሲያይ ደረቱን ይነፋል። እኔ ከጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ስለምኖር፣ ሲነፋም ሲተነፍስም በቅርብ አየዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መኪናዋን ያጥባል። ሥርዓቱ ዝንፍ አይልም። አንድ ባልዲ፣ አንድ ቢጫ ስፖንጅ፣ በመጨረሻም እህቴ ከመታጠቢያ ቤት ያባረረችው አሮጌ ፎጣ። ፎጣውን ከመዳፉ ሥር አድርጎ ክብ ክብ እየሠራ ሲያሻት፣ የሕፃን ጀርባ የሚያሻሽ ይመስላል። በየማለዳውም ቁርስ ሳይቀምስ ወጥቶ አቧራዋን በደረቅ ጨርቅ ይጠርግላታል።

"እኔን አንድ ቀን እንደዚህ ጠዋት ተነስተህ አይተኸኝ አታውቅም" ትለዋለች እህቴ።

"አንቺ አቧራ አትይዢማ" ይላታል።



መኪናዋ የምትቆመው ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ቀለም ይበላል ብሎ ስለሚያምን፣ ቀትር ላይ ሞተሯን አያስነሳም። ስለዚህ መኪናዋን በጠራራ ፀሐይ አይተናት አናውቅም ነበር።

ጋሼ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ልጅቷ ገና እግሯ የወንበሩን ጫፍ በማያልፍበት ዕድሜ፣ "ስታገቢ በዚህች መኪና እኔው ነድቼ አደርስሻለሁ" ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። እሷም አልረሳችም፣ እሱም አልረሳም። ሠርጓ ሲቃረብ የሙሽራው ቤተሰቦች ነጭ መኪና እንከራይ አሉ። ጋሼ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ "መኪና አለን" አላቸው፤ ነገሩም በዚያው ያለቀ መሰለ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ልጅቷ አበባ ሠሪዋን ይዛ መጣች፤ አበባው የት የት እንደሚታሰር ሊለኩ። ጋሼ እየተጀነነ መኪናዋን ወደ ግቢው መሃል አወጣት። ፀሐይ ኮፈኖው ላይ ሲያርፍ ሁላችንም ጠጋ ብለን አየን። ኮፈኖው፣ በሮቹ፣ ጣሪያው ሳይቀር በክብ ክብ ጭረት ተሞልቷል፤ ሸረሪት ድሯን ያደራችበት ነው የሚመስለው። ጥላ ሥር መስታወት የነበረችው መኪና ፀሐይ ላይ የተፈተገ ድስት ሆና ቁጭ አለች።

"አባዬ፣ ልጆች ናቸው እንዴ የጫሯት?" አለች ልጅቷ።

"እኔ እንጃ" አለ።

አበባ ሠሪዋ ሜትሯን ቀስ ብላ ጠቀለለች። ልጅቷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ "ካልሆነ ነጩን እንይዛለን አባዬ፣ ምንም አይደል" አለችው። የተናገረችው ከፍቅር ነው፤ የባሰውም ለዚህ ነው። ቅስሙ ሲሰበር አየሁት። ምሳውን ሳይነካ ተነሳ። እኔ በሰው ነገር ገብቼ ካላወራሁ የሚያመኝ ሴት፣ ያን ቀን ምሳውን ከድኜ አስቀመጥኩለት።

በነጋታው ጋራዥ ወዳለው ወዳጁ፣ ወደ ቀለም ቀቢው ሄደ። እኔም ሱቅ እሄዳለሁ ብዬ አብሬው ተሳፈርኩ፤ የምገዛው ነገር እንደሌለኝ እሱም ያውቃል። ቀለም ቀቢው የእጅ ባትሪውን ኮፈኖው ላይ አብርቶ ብዙ ካየ በኋላ፣ "እስቲ እንዴት እንደምትወለውላት አሳየኝ" አለው። ጋሼ መዳፉን ዘርግቶ አየር ላይ ክብ ክብ እያደረገ አሳየው። ቀለም ቀቢው ጭረቱን በጣቱ ተከተለ። ያው ክብ ነበር፤ ስፋቱ እንኳ አልተለየም።

"ሌባው ተገኘ" አለ።

"ማነው?"

"አንተ ነህ፣ ወንድሜ። አቧራ ማለት እኮ ደቃቅ አሸዋ ነው። በደረቅ ጨርቅ ስታሸው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስፖንጅህም ቆሻሻውን ባልዲው ውስጥ ነክሮ፣ መልሶ እዚያው በር ላይ ያሽልሃል።"

ሳቄ መጣ፤ የጋሼን ፊት ሳይ ግን ዋጥኩት። ያን ሁሉ ዘመን በየማለዳው ሲንከባከባት የኖረው ሰው፣ ሲጭራት ነበር የኖረው።

ቀለም ቀቢው ሥራ ተደራርቦበታል፤ ከሠርጉ በፊት አይደርስም። ጋሼ ግን ለመለመን አልመጣም ነበር። "የጫርኩት እኔ፣ የማጠፋው እኔ" አለ። ወዳጁ ትንሽ የፖሊሽ ማሽንና ሻካራና ለስላሳ ፖሊሽ አዋሰው፣ ምክሩንም አከለለት። ከቀለሙ በላይ ስስ፣ ጥርት ያለ ሽፋን አለ፤ ጭረቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ፖሊሹ ያንኑ ሽፋን በትንሹ እየላጠ ያስተካክለዋል። ካበዙት ቀለሙን ያገኘዋል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም።

"እጅህ እንዳይከብድ" አለው።

"እኔ በሰው የታጨቀ አውቶቡስ በጠባብ ድልድይ ሳሳልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ" አለ ጋሼ፣ ማሽኑን ብብቱ ሥር አድርጎ። ወደ ቤት ሲነዳ እያፏጨ ነበር።

ሥራው የተጀመረው ከእጥበቱ ነው። አሁን ባልዲው ሁለት ሆነ፤ አንዱ የሻምፑ፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት ንጹህ ውሃ። ሁለተኛው የእህቴ የልብስ ማጠቢያ ስለነበር ቤቱ ትንሽ ተናወጠ። መጀመሪያ በጎማ ቱቦ ውሃ እየለቀቀ አቧራዋን ያወርዳል። ከዚያ ማይክሮፋይበር ከሚሉት ለስላሳ ጨርቅ የተሠራ ጓንት አጥልቆ ከጣሪያው ወደ ታች፣ ቀጥ ቀጥ እያለ ያጥባል። ለማድረቅም አያሽም፤ ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ አንጥፎ ውሃውን ያስጠጣዋል። አሮጌውን ፎጣ እኔ ለወለሌ ወረስኩት።

ፖሊሹን በመጀመሪያ የሞከረው በኋላ በር ታችኛው ጥግ ላይ ነው። ተጫነው መሰለኝ፣ ጭረቱ ጠፍቶ በቦታው ጉም የመሰለ ነገር መጣ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ግን አጎንብሶ ትንሽ አየና፣ "ገባኝ" አለ። ሻካራውን ፖሊሽ አስቀምጦ ለስላሳውን ያዘ፣ እጁን አቀለለ፣ ማሽኑ በራሱ ክብደት እንዲሄድ ተወው። ጉሙ ተገፈፈ። ከሥሩ የእኔ ጉልበት፣ ጫማዬ፣ የያዝኩት ባትሪ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ታየ።

ከዚያ በኋላ ጥላው ሥር ቁራሽ ቁራሹን እየሠራ ሄደ። እኔ ባትሪ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ።

"ምላሳሟ፣ አፍሽን ትተሽ ብርሃኑን ያዢ" ይለኛል።

አንዴ መጥረጊያ ጨርቁ መሬት ወደቀበት። አንስቶ አራገፈና ወደ በሩ ሲሰነዝር እጁን ያዝኩት።

"መሬት ነክቷል እኮ።"

"አራግፌዋለሁ አይደል?"

"ታዲያ ለምን ደከምን? ቢጫ ስፖንጅህን ላምጣልህ?"

ከዚያች እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ጨርቁንም ወረወረልኝ። በመጨረሻ ሰም ቀባት፤ ከዚያም የነካትን ሁሉ አብሮ የሚቀባ ይመስል ግቢውን እየተንጎራደደ ይጠብቃት ጀመር።

ልጁን ጠርቶ "ቀትር ላይ ነይ" አላት። ቀትር ማለቱን ልብ በሉልኝ። መኪናዋን ራሱ ወደ ፀሐዩ አወጣት። ልጅቷ አንዴ ዞረቻት፣ ደገመች፣ ጎንበስ ብላ ኮፈኖው ላይ የገዛ ፊቷን አየች።

"ጭረቱ የት ሄደ?"

"ወደ ባለቤቱ" አላት፣ ጣቱን ወደ ገዛ ደረቱ ቀስሮ።

ስልኳን አውጥታ ለሙሽራው ስትደውል ሰማሁ። "ነጩ ይቅር፣ አባዬ ነው የሚወስደኝ" አለችው። ጋሼ ጎማ ሊያይ ያጎነበሰ መሰለ። ጎማው ምንም አልሆነም፤ እኔም ዓይኑን እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የሠርጉ ዕለት እሱ ነዳ። ሰው ሁሉ ሙሽራዋንና መኪናዋን ተራ በተራ ያያል። መናፈሻው ስንደርስ ፎቶ አንሺው ዙሪያውን ቃኘና፣ "ሙሽሪት ኮፈኖው ላይ ትቀመጥልኝ" አለ። የልጅቷ ቀሚስ ከወገቡ በታች በብርጭቆ ዶቃ የተሞላ ነው። እህቴ ክንዴን ጨበጠችው።

"አይሆንም፣ አባዬ ብዙ ደክሞበታል" አለች ልጅቷ ወደ ኋላ እያለች።

ጋሼ ቀሚሱን አየ፣ ዶቃውን አየ፣ ኮፈኖውን አየ። ከዚያ ራሱ ቀርቦ በሁለት እጁ ወገቧን ያዘና፣ "ተቀመጪ ልጄ" ብሎ አነሳት። ስትቀመጥ ሲጥ ያለውን ድምፅ ከእሱና ከእኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም። እሱ ግን በፎቶው ላይ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱን ባልዲዎች ይዞ ወጣ። ቤቱ ያለ ልጅቷ ጭር ብሎ ነበር። ኮፈኖው ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ጎን ለጎን ተጋድመው አየሁ።

"ጋሼ፣ ፖሊሹ ተርፏል። ባትሪውን ላምጣ?"

"አይቻቸዋለሁ" አለ።

"እና?"

"እነዚያኞቹ ሳላውቅ የገቡ ናቸው። እነዚህን ግን እያየሁ ነው ያስገባኋቸው።"

ጓንቱን ለቅልቆ እነሱ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ፤ አጥቦ አደረቃት። ከዚያም የፖሊሽ ማሽኑን በካርቶን አድርጎ አስታቀፈኝና፣ ሳልፍ ለቀለም ቀቢው እንድመልስለት ነገረኝ።