በመርገም ጎጆ የዋሸሁት

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መንዝ ውስጥ፣ ወር አበባዬ ሳይመጣ መጣ እያልኩ እዋሽ ነበር። ሌላው ከሥራ ለማምለጥ ይዋሻል፤ እኔ የዋሸሁት ከአንዲት ሴት ጋር ለመቀመጥ ነው።

ቤተ እስራኤል ነን። ለአገሬው ግን ክርስቲያኖች ነበርን፤ ማተብ አስረን መሐል ሜዳ ገበያ ድስትና ጀበና እንሸጣለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ቤታችን እሳት አይነድም። አባቴ ኦሪቱን በሹክሹክታ ያነብልናል። ወር አበባ ያየች ሴት ከቤት ወጥታ፣ ዙሪያው በድንጋይ በተከበበ የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች፤ ሲሞላላት ወንዝ ወርዳ ታጥባ ትመለሳለች። እስከዚያ ማንም አይነካትም፣ ምግቧም ድንጋዩ ላይ ይቀመጥላታል። ጎረቤት ስለ ጎጆው ሲጠይቅ «የሸክላ ማድረቂያ ነው» እንላለን። አንድም ሸክላ እዚያ ገብቶ አያውቅም።

ከወገናችን የአንዱን አንጥረኛ ልጅ እወዳት ነበር። እንደ እህት አይደለም፤ ባልና ሚስት እንደሚዋደዱት ነው። እሷም ትወደኝ ነበር። የእሷ ቀን ሲደርስ እኔም «መጣብኝ» ብዬ እከተላታለሁ። ከሰው ሁሉ የሚለየን ሕግ እኛን አንድ ላይ ማስቀመጡ ያስቀን ነበር። ጸጉሬን እየሠራችኝ ጸሎታችንን አብረን እናዜማለን፤ እግዚአብሔር ይሰማናል ብዬ አልሰጋሁም፣ የሰጋሁት ሰውን ነው። በወር ሁለቴ ስገባ ሴቶቹ ሕመም መስሏቸው ሥራሥር ቀቅለው ያጠጡኝ ጀመር። ያን መራራ ነገር ፊቴን ሳልቋጥር እጨልጠዋለሁ፤ የእጄን ነው ያገኘሁት።

አንድ ክረምት እናቴ ታማ ሳለች ትቻት ገባሁ። እንደ ወትሮው ይሻላታል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ብትብስም መግባቴ አይቀርም ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት በዱላ እየተደገፈች መጥታ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አለች።

«ነይ እስቲ፣ ደግፊኝና ቤት አስገቢኝ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እንዴት ብዬ? ሰባት ቀኔ መች ሞላ?»

«ወልጄሽ ቀንሽን ላላውቅ ነው? ያንቺስ ካለፈ አሥር ቀኑ።» ዓይኗን ወደ ጎጆው በር ጣል አደረገች። ወዳጄ ውስጥ ነበረች። «ለምን እንደገባሽ አልጠይቅሽም፣ ልጄ። ብቻ ነይ፣ ደክሞኛል።»

እጇን በድንጋዩ ላይ አሳልፋ ዘረጋችልኝ። አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ። ብሻገር ነገ ወገኖቻችን ሁሉ ለምን ዋሸች ይላሉ፣ ከዚያ ወዳጄን ይጠይቃሉ። ፈራሁ። ወደኋላ ሸሸሁና «ርኩስ ነኝ፣ እማዬ፣ አትንኪኝ» አልኳት።

እጇን ሰብስባ፣ በዱላዋ ተነሥታ ብቻዋን ተመለሰች። በማግስቱ ሞተች።

ዛሬም ቅዳሜን አከብራለሁ፣ ዛሬም የምወደው ሴት ነው። ከሁለቱ አንዱን ተዪ ያለኝ ፈጣሪ የለም፤ ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። እናቴ ግን ሳታውቀው አልቀረችም፤ አውቃ ነው እጇን የዘረጋችልኝ። ከእኔ አፍ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ርኩስ ነኝ የሚል ሆነ።