የተዘቀዘቀ ጥለት

ቀለም ደስታ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ቀለም በራሱ ምንም አይደለም፤ ደስታውን የሚጨምርበት ተመልካቹ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ።

ይህን ያስባለኝ ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በስልክ የላከችልኝ ማስታወቂያ ነው። በኢንተርኔት የሚካሄድ ዓለም አቀፍ የሥዕል ዐውደ ርእይ፤ ሥራዎቹን ዳኞች ይመርጣሉ፤ መሪ ሐሳቡ «ቀለምን እናክብር»። «ቲቸር፣ እርስዎም ይወዳደሩ እንጂ!» ብላ ሦስት የሚስቁ ቢጫ ፊቶች አስከትላለች። ስልኩን ደፍቼ አስቀመጥሁት። እኔ አንድ ጊዜ ተወዳድሬአለሁ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ፍኖተ ሰላም ሥዕል አስተምር ነበር። ገበሬው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ስብሰባ ያለ መፈክር የማይከፈትበት ዘመን ነው። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ስለሚወሰድብኝ ከመምህራን ሁሉ ሥራ ፈቱ እኔ ነበርሁ።

ኅዳር ላይ አባቴ ሞተ። መርዶው ደርሶኝ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ፤ ከዚያ ወደ መንደራችን በእግር ነው። ወሩ የበርበሬ መልቀሚያ ስለነበር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ግቢ ሁሉ ቀይ ተነጥፎበታል። ቀለም አምላኪ ቢያየው ይንበረከክ ነበር። እኔ የተሰማኝ ጫማዬ እንደጠበበኝ ብቻ ነው።

ቀብሩ ላይ አላለቀስሁም። ጨክኜ አይደለም፤ እንባው የሚመጣበት ቦታ ደንዝዞ ነበር። ከግብዓተ መሬቱ ስንመለስ ግን ነፋስ ከጎረቤት ስጥ የበርበሬ ብናኝ አምጥቶ አስነጠሰኝ፤ ዐይኔም ፈሰሰ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ ልጄ፣ አውጣው፣ አውጣው» አሉኝ። በርበሬ ነው ማለት ነበረብኝ።

በሠልስቱ ዳስ ውስጥ ተቀምጠናል። ከስንዴና ከባቄላ የተቀቀለ ንፍሮ በእፍኜ ይዣለሁ፤ ቀዝቅዟል። እናቴ ከፊት ለፊቴ ናት። ለሐዘን የምትለብሰውን ጥቁር ለመንከር የወሰዱት ሴቶች ገና ስላልመለሱት፣ የለበሰችው ለጥምቀት የምታወጣትን ነጠላ ነው። ጥለቷ ብርቱካንማና ወይን ጠጅ ነው። በደህና ቀን ጥለት ከታች፣ ከእግር በኩል ይሆናል። ሐዘን ሲመጣ ነጠላው ይዘቀዘቅና ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገትንና ፊትን ይከባል። ይህን አገራችን ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። ያ ሁሉ ደማቅ ቀለም የእናቴን አመድ የመሰለ ፊት ከቦት ነበር።

ንፍሮውን ኪሴ ከተትሁ። የተማሪ ስም መጥሪያ ደብተሬን አወጣሁና አንገቴን ደፍቼ በጀርባው ላይ ሳልኋት።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ በቀለም ሠራሁት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ሥዕል አልሠራሁም፤ ይህን በትሕትና ልሸፍነው አልችልም። ደሳለኝ የሚባል ኢንተርኔት ቤት ያለው ጓደኛዬ በኢንተርኔት ስለሚካሄድ አንድ ቀለምን የሚያከብር የውጭ አገር የሥዕል ውድድር የነገረኝ በዚያው ሰሞን ነው። በእሱ ካሜራ አነሳነው፤ ርእስ ሲጠይቁ «እናቴ» ብዬ ላክሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። ሦስት ዳኞች፣ ከሦስት አገር፤ ልዩ ምስጋና። ዐውደ ርእዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከፈታል። ደሳለኝ ከእኔ በላይ ጨፈረ።

«ቲቸር፣ ዓለም አወቀህ! ከወረዳው ካቢኔ እንኳ ዓለም የሚያውቀው የለም እኮ!»

ሥዕሉን ከሥሩ ከተጻፈው የዳኞቹ አስተያየት ጋር አትሞ የቤቱ መስኮት ላይ ለጠፈው። ማተሚያው ባለ ቀለም ስላልነበር የቀለም በዓላችን በጥቁርና ነጭ ወጣ።

የመንደራችን ዲያቆን ለፎቶ ኮፒ መጥቶ አይቶት ኖሯል። ለአርባው ተዝካር ቤት ስገባ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ።

«ከተማ ሰቀልኸኝ አሉ።»

«ሥዕል ነው እማዬ። ውጭ አገር ወደዱት።»

«ከሥሩ የተጻፈው ምን ይላል?»

ልዋሽ እችል ነበር። ያኔ ግን እውነት መናገር ቀለለኝ። «ይህች እናት በበዓሏ ቀን ፊቷን በቀለም አስጊጣለች ይላል።»

ጥቁሩን ነጠላዋን ሰበሰበች። «በበዓሏ ቀን?»

«አያውቁም እማዬ። ነጠላ የሚለብሱ ሰዎች አይደሉም።»

«እነሱስ አያውቁም። አንተስ?»

ከውጭ ቄሱ ሲጸልዩ ይሰማል፤ የወጥ ሽታ እስከ ጓዳ ገብቷል።

«እኔ እኮ አንገትህን ደፍተህ ሳይህ እያለቀስህ መስሎኝ ነበር» አለች። «ልጄ አላለቀሰም የሚሉትን ሁሉ፣ በዐይኔ አይቸዋለሁ ብዬ አፋቸውን ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ለካስ ስትስለኝ ኖሯል።» ከዚያም «መልሱልን በላቸው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፊቴን ነዋ!»

«እሺ እማዬ።»

ሰኞ ደሳለኝ ቤት ሄድሁ። በመንገድ ላይ ኔትወርክ እንዳይኖር እጸልይ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋ የነበረው ኔትወርክ ያን ቀን እንደ ምንጭ ውኃ ይፈስሳል። ሥዕሉን እንዲያወርዱት ሁለት መስመር ጻፍሁ። ደሳለኝ ከኋላዬ ቆሞ አነበበ።

«አብደሃል እንዴ? እናትህ ኢንተርኔት መቼ ልታይ ነው?»

እውነቱን ነው፤ አታይም። ሁለቱን መስመር አጠፋሁና ለልዩ ምስጋናው የምስጋና ደብዳቤ ላክሁ። ሲላክ የተሰማኝ ነገር የለም። ፀፀት እንኳ ቢሰማኝ ዛሬ ለጽሑፉ ማሳመሪያ ይሆነኝ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለውን ወረቀት ግን ገንጥዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወሰድሁላት። «አወረዱት» አልኋት። «ተመስገን» ብላ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጨመረችው።

ዐውደ ርእዩ በቀኑ ተከፈተ። ስንት አገር ያሉ ሰዎች እናቴን እያዩ ደስ አላቸው፤ አስተያየታቸውን አንድ በአንድ አንብቤአለሁ። እሷ ከሁለት ዓመት በፊት እስካረፈችበት ቀን ድረስ ልጇ ፊቷን እንዳስመለሰላት ታምን ነበር። በቀብሯ ላይ ከአልቃሹ መካከል ብዙው በአንድ እጁ ደረቱን ሲመታ በሌላው ስልክ ይዞ ይቀርጽ ነበር። አልተቆጣሁም። በምን አፌ?

ስሜት ማጣት ሰውን ንጹሕ አያደርገውም፤ ድርጊቱን ምቹ ያደርግለታል እንጂ። ይህን ለመረዳት ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀብኝ፤ ስረዳውም የምነግራት የለችም።

ስለዚህ አንባቢ፣ ስልክህ ውስጥ ሳትጠይቅ የወሰድኸው የሰው ሐዘን ካለ አጥፋው። ቆንጆ ቢሆንም አጥፋው። ይህን ገጽ ሳትዘጋ አጥፋው።